የሬስሊንግ ካርድን በዋጋው ሳይሆን በሰውየው መሰብሰብ

በባሕር ዳር በትምህርት ቤቶች ደጃፍ ባሉ ሱቆችና በቅዳሜ ገበያ ዙሪያ በመንገድ ዳር በሚዘረጋ ሸቀጥ መካከል፣ ከማስቲካና ከስቲከር ጋር የሬስሊንግ ካርድ መታየት ከጀመረ ቆይቷል። ስለዚህ ካርድ ሁለት ዓይነት አስተያየት ይሰማል። ወላጆች ልጆቻቸው የቁርስ ገንዘባቸውን በካርቶን ላይ እንደሚያባክኑ፣ ያውም ውጤቱ አስቀድሞ በተወሰነ የውሸት ድብድብ እንደሚማረኩ ያማርራሉ። ከፍ ያሉት ወጣቶች ደግሞ በውጭ አገር አንዳንድ ካርዶች በጨረታ በብዙ ሺህ ዶላር ሲሸጡ በስልካቸው ስላዩ፣ በእጃቸው ያለውን ሁሉ አንድ ቀን የሚነግዱበት ሀብት አድርገው ይቆጥሩታል። በእኔ እምነት ሁለቱም ወገኖች ዋናውን ነገር ስተውታል። ካርዱ በአንድ ወቅት ስለ አንድ ሰው ምን ይባል እንደነበር የሚያሳይ የታተመ ሰነድ ነው፤ ስለዚህም መሰብሰብ ያለበት በሰውየው ዙሪያ ነው።

የዋጋውን ነገር አስቀድሞ መጨረስ ይሻላል። በአሜሪካ ሰብሳቢዎች ዘንድ ትልቅ ቦታ ከሚሰጣቸው ስብስቦች አንዱ በ1982 የወጣው «ሬስሊንግ ኦል ስታርስ» ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የመጀመሪያው ክፍል 36 ካርዶች ሲኖሩት፣ ቁጥር 1 ላይ አንድሬ ዘ ጃያንት፣ ቁጥር 2 ላይ ሐልክ ሆጋን፣ ቁጥር 27 ላይ ሪክ ፍሌር ይገኛሉ። ደብሊው ደብሊው ኢ የሚባለው የአሜሪካ ሬስሊንግ ኩባንያ (ያኔ ደብሊው ደብሊው ኤፍ) ትልቁ ዓመታዊ ዝግጅት የሆነው ሬስልማንያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኒው ዮርክ በተካሄደበት በ1985፣ በቤዝቦል ካርድና በማስቲካ የሚታወቀው ቶፕስ 66 ካርዶችና 22 ስቲከሮች ያሉት ስብስብ አወጣ። ከዚያ በኋላ የዚህን ኩባንያ ካርዶች የማሳተም ፈቃድ ከአንዱ ኩባንያ ወደ ሌላው ሲዘዋወር ቆይቶ በ2022 ለፓኒኒ፣ በ2025 ደግሞ ተመልሶ ለቶፕስ ደርሷል። ፈቃድ ያለው ካርድ ጀርባው ላይ በደቃቅ ፊደል የአሳታሚው ስም፣ ዓመቱና የመብቱ ባለቤት ይጻፍበታል። ጨረታ ላይ ለሚታየው ዋጋ ግን ይህ ብቻውን አይበቃም። ከ1991 ጀምሮ የሚሠራውን ፒ.ኤስ.ኤ.ን የመሰሉ ድርጅቶች የካርዱን ማዕዘን፣ ጠርዝና ገጽ፣ ሥዕሉም መሐል ላይ መታተሙን መርምረው ከ1 እስከ 10 ውጤት ይሰጡና በጠንካራ ፕላስቲክ ያሽጉታል፤ ተራ ዓይን በማይለየው ጭረት የተነሣ 9 ያገኘ ካርድ፣ 10 ካገኘው ከዚያው ዓይነት ካርድ እጅግ ባነሰ ዋጋ ሊሸጥ ይችላል።

በእኛ ከተማ ሱቆች የሚገኘው ካርድ አብዛኛው ከኢንተርኔት በተወሰደ ፎቶ በስስ ወረቀት የታተመ፣ የአሳታሚ ስም የሌለው፣ አንዳንዴም የሬስለሩ ስም ተዛብቶ የተጻፈበት ነው። መርማሪ ድርጅቶች እንዲህ ያለውን አይቀበሉም። ትክክለኛውን ከውጭ ላስመጣ የሚልም ሰው የውጭ ምንዛሪው፣ የፖስታ ክፍያውና የጉምሩኩ ጣጣ ተደምረው ከካርዱ ከራሱ ሊበልጡበት ይችላሉ። ስለዚህ ለትርፍ ብሎ የሚሰበስብ የባሕር ዳር ወጣት ገና ሳይጀምር ከስሯል። ለማወቅ የሚሰበስብ ግን አልከሰረም፤ በሐሰተኛው ቅጂ ላይ ያለው ሰው በእውነተኛው ላይ ያለው ሰው ነውና።

«ውሸት ነው» ወደሚለው የወላጆች ክርክር ስንመጣ፣ ይህን ደብሊው ደብሊው ኢ ራሱ ካመነ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። በ1989 በኒው ጀርሲ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ፊት ሥራው መዝናኛ እንጂ የስፖርት ውድድር አለመሆኑን ያሳወቀው ከስፖርት ኮሚሽን ቁጥጥርና ክፍያ ለመውጣት ሲል ነበር (ነጋዴ እውነቱን የሚናገርበት ከዚህ የተሻለ ምክንያት እምብዛም አይገኝም)። ይሁን እንጂ የውጤቱ አስቀድሞ መወሰን ውድቀቱን ሐሰት አያደርገውም። ሬስለሩ ሚክ ፎሊ በሰኔ 1998 በፒትስበርግ መድረኩን ከከበበው የብረት አጥር አናት ላይ ወደ ተንታኞቹ ጠረጴዛ ሲወረወር የወደቀው በገዛ አካሉ ነው። ኦወን ሃርት በግንቦት 1999 በካንሳስ ሲቲ ከአዳራሹ ጣሪያ በገመድ ወደ መድረክ ሊወርድ ሲል ማያያዣው ተፈትቶበት ወድቆ በ34 ዓመቱ ሞቷል። ሬስለሮቹ ይህን ሁሉ የሚሠሩት በቅጥር ሠራተኝነት ሳይሆን በግል ተዋዋይነት ነው፤ የሠራተኛ ማኅበርም የላቸውም። ልጅን እንቅስቃሴዎቹን እንዳይሞክር መከልከል የሚገባውም በዚህ ምክንያት ነው። «ውሸት ነው» ብቻ የተባለ ልጅ ታናሽ ወንድሙን ከሶፋ ላይ ቢወረውረው ምንም የማይደርስበት ይመስለዋል።

ከዚህ አንጻር የአንድሬን ካርድ ማየት ጠቃሚ ነው። መድረኩ ቁመቱን 7 ጫማ ከ4 ኢንች፣ ማለትም 2 ሜትር ከ24 ሳንቲ ሜትር ያህል ብሎ ያስተዋውቀው ነበር፤ ይህ አኃዝ የተጋነነ ቢሆንም ሰውየው በእርግጥም ግዙፍ ነበር። ግዝፈቱ የመጣበት ግን የእድገት ሆርሞን ከመጠን በላይ ሲመነጭ ከሚከሰተው አክሮሜጋሊ ከሚባለው ሕመም ነው። በ1987 በሬስልማንያ 3 ሆጋን አንሥቶ ያፈረጠው ጊዜ፣ አንድሬ የጀርባ ቀዶ ሕክምና አድርጎ ከልብሱ ሥር በደገፈው ቀበቶ የቆመ ሰው ነበር፤ በጥር 1993 በፓሪስ በልብ ድካም በ46 ዓመቱ አረፈ። ካርዱ የሚፎክርበት ቁጥር የሕመሙ ምልክት ነበር። ይህን የሚያውቅ ልጅ ካርዱን የሚይዝበት መንገድ ይለወጣል።

ስለ ካርዱ ገጽታ አንድ ነገር ልጨምር። ቅዱሱን ነገር ከዓለማዊው ጋር ለማመሳሰል አይደለም እንጂ፣ በጣና ዳር ያደገ ሰው የካርዱን ሥዕል ለማንበብ ከማንም በላይ የሠለጠነ ዓይን አለው። በዘጌ በኡራ ኪዳነ ምሕረት ግድግዳዎች ላይ እንደሚታየው በጥንቱ የአሣሣል ሥርዓታችን ደጋጎቹ ሙሉ ፊታቸው፣ ሁለቱም ዓይናቸው እየታየ ሲሣሉ፣ ክፉዎቹ በጎን፣ በአንድ ዓይን ይሣላሉ፤ ማንበብ የማይችል ምእመንም ማን ማን እንደሆነ ወዲያው ይለያል። የካርድ ሠሪዎቹም የራሳቸው ምልክት አላቸው። አክተሩ ተመልካቹን ፊት ለፊት እያየ፣ ቀበቶውን ከፍ አድርጎ ይቆማል፤ ክፉው ጥርሱን ያሳያል፣ ፊቱን ይቀባል፣ ወይም የባዕድ አገር ልብስ ይለብሳል። ልዩነቱ፣ በካርዱ ዓለም ትናንት ክፉ የነበረው ሰው በሚቀጥለው ዓመት ስብስብ ውስጥ ደግ ሆኖ ሊመጣ መቻሉ ነው። ይህን ለውጥ መከታተል የሚቻለው ደግሞ የአንዱን ሰው ካርዶች በዓመታቸው ቅደም ተከተል ጎን ለጎን ሲደረድሯቸው ነው።

የባዕድ አገሩ ልብስ በተለይ እኛን አፍሪካውያንን ይመለከታል። ካማላ የሚባለው ሬስለር ፊቱንና ሆዱን ተቀብቶ፣ ጦር ይዞ፣ ባዶ እግሩን «የኡጋንዳው ግዙፍ» እየተባለ ለዓመታት ቀርቧል። ጄምስ ሃሪስ የተባለው ይህ ሰው የተወለደው በአሜሪካዋ ሚሲሲፒ ሲሆን፣ የኋላ ኋላ በስኳር ሕመም ምክንያት ሁለቱንም እግሮቹን አጥቶ በ2020 ሞተ። በአንጻሩ ኮፊ ኪንግስተን በጋና ተወልዶ ሳለ በ2008 ወደ ዋናው መድረክ ሲወጣ የጃማይካ ሰው ነው ተብሎ፣ በጃማይካዊ አነጋገር እንዲናገር ተደርጎ ነበር፤ በ2009 አነጋገሩን ተወው፣ በ2019 በሬስልማንያ 35 ዳንኤል ብራያንን አሸንፎ የደብሊው ደብሊው ኢ ሻምፒዮን ሲሆን ግን በአፍሪካ የተወለደ የመጀመሪያው ባለ ማዕረግ ተብሎ ተወደሰ። አሜሪካዊው አፍሪካዊ ሆኖ፣ አፍሪካዊው ጃማይካዊ ሆኖ የተሸጠበትን ንግድ ከእነዚህ ሁለት ሰዎች ካርዶች በላይ የሚያስረዳ ትምህርት አላውቅም። አንድ የታሪክ ወይም የሲቪክስ መምህር ቢጠቀምባቸው አይቆጭም ብዬ አስባለሁ።

ሌሎቹ ቀለል ያሉ ናቸው። አንደርቴከር ከሞት ሸለቆ የመጣ ይባል እንጂ ማርክ ካላዌይ የሂውስተን ልጅ ነው። የእሱ ወንድም ተብሎ በ1997 ጭምብል አጥልቆ የመጣው ኬን፣ በ1995 አይዛክ ያንከም የሚባል ክፉ የጥርስ ሐኪም፣ በ1996 ደግሞ ከኩባንያው የለቀቀው ዲዝል የሚባል ሬስለር ምትክ ሆኖ ሠርቷል። ግሌን ጄከብስ የተባለው ይኸው ሰው በ2018 በቴኔሲ የኖክስ ካውንቲ ከንቲባ ሆኖ ተመርጧል። በብርቅነት የሚሰበስብ ሰው ያንከምን ይጥለዋል፤ በሰው የሚሰበስብ ግን ያለ እሱ ስብስቡ ይጎድልበታል።

ከሁሉ በላይ ክብደት ያለው ነጥብ ግን ካርድ ከታተመ በኋላ ሊታረም አለመቻሉ ነው። ሬስለሩ ክሪስ ቤንዋ በሰኔ 2007 ሚስቱንና የ7 ዓመት ልጁን ገድሎ ራሱን ካጠፋ በኋላ ኩባንያው ስሙን ከማንሣት በእጅጉ ተቆጥቧል፤ ከዚያ በፊት የታተሙት ካርዶቹ ግን በሰብሳቢዎች እጅ አሉ። ሆጋንም ከዓመታት በፊት የተናገረው ዘረኛ ቃል በ2015 በቅጂ ሲወጣ ውሉ ተቋርጦ ከኩባንያው የዝነኞች አዳራሽ ተሰረዘ፣ በ2018 ተመለሰ፣ በሐምሌ 2025 በ71 ዓመቱ ሞተ። የእነዚህን ሰዎች ካርድ ማስወገድ ይገባል የሚሉ አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ካርዱን መያዝ ሰውየውን ማክበር አይደለም፤ ኩባንያው በሚፈልግበት ጊዜ የሚያወጣውንና የሚያስገባውን ታሪክ በራስ እጅ ማቆየት ነው። ለሕፃን ልጅ የቤንዋን ካርድ አሳዩ ማለቴ ግን አይደለም፤ አዋቂ ሰብሳቢ ለብቻው ያስቀምጠው።

ለአያያዙ ጥቂት ልበል። የጣና ዳር ክረምት ለወረቀት ጠላት ነው፤ እርጥበቱ ካርዱን ያጣምመዋል፣ የበጋው ፀሐይ ደግሞ በመስኮት ገብቶ ቀለሙን ያነጣዋል። ካርዶችን በብር ማሰሪያ ላስቲክ መጠቅለል ጠርዛቸውን ይሰብራል፤ እያንዳንዱን በስስ ፕላስቲክ ከትቶ፣ ክዳን ባለው ደረቅ ሳጥን፣ ከመሬትና ከግድግዳ አርቆ ማስቀመጥ ይበቃል። በካርዱ ላይ በእስክሪብቶ መጻፍ አይገባም። ከዚያ ይልቅ ለእያንዳንዱ ሬስለር ከደብተር ላይ አንድ ገጽ መድቦ፣ ገጹን ለሁለት ከፍሎ፣ በአንዱ በኩል ካርዱ የሚለውን ስም፣ አገር፣ ቁመትና ክብደት፣ በሌላው በኩል ደግሞ እውነተኛውን የልደት ስም፣ የትውልድ ቦታና የደረሰበትን ጉዳት መጻፍ ይሻላል። በየባጃጁ መስታወት ላይ ተለጥፎ የምናየው ጆን ሲና ለጀማሪ ቀላሉ ነው፤ በ2002 በዋናው መድረክ የመጀመሪያ ግጥሚያውን የ1996 የኦሎምፒክ ሻምፒዮን ከነበረው ከከርት አንግል ጋር ካደረገበት ጊዜ ጀምሮ በ2025 መጨረሻ እስከተሰናበተበት ድረስ በራሱ ስም፣ በራሱ የትውልድ ከተማ በዌስት ኒውበሪ ስለተጠራ፣ በገጹ ሁለት ጎኖች የሚጻፈው ስምና አገር አንድ ዓይነት ነው። ለኬን ግን ቢያንስ ሦስት ገጽ መተው ያስፈልጋል።