ሳያስፈቅዱ መሣል፦ በባንክሲ ላይ የተደረገ ክርክር

የክርክሩ ርዕስ «ስሙን የደበቀ ሠዓሊ ሳያስፈቅድ ግድግዳ ላይ መሣሉ ተገቢ ነው ወይስ አይደለም?» የሚል ነው። ሁለቱም ወገኖች ባንክሲን ይዘው ተነሡ። ባንክሲ ከእንግሊዟ ብሪስቶል የተነሣ የጎዳና ሠዓሊ ነው፤ ማንነቱን በይፋ ገልጾ አያውቅም። (ዓመታቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ደጋፊ፦ በመስከረም 2025 በለንደኑ የንጉሣዊ ፍርድ ቤቶች ሕንፃ ግድግዳ ላይ አንድ ሥዕል ታየ። ዊግ ያደረገ ዳኛ መሬት ላይ የወደቀ ሰልፈኛን በመዶሻው ሊመታ ተነሥቷል። ሰልፈኛው በያዘው ባዶ ሰሌዳ ላይ ደም ተረጭቷል። ወዲያው ሸፈኑት፣ ጠባቂ አቆሙበት፣ ከዚያም ፋቁት። ፎቶው ግን ዓለምን አዳርሶ ነበር። እስቲ ይህን ለመሣል ማመልከቻ የሚቀበለው የትኛው ቢሮ ነው? ስም ቢኖረው ደግሞ ወሬው ሁሉ ስለ ሰውየው ይሆን ነበር፤ የማን ልጅ ነው፣ የማን ደጋፊ ነው፣ ስንት ብር አለው። ስሙ ሲጠፋ ሰው ሥዕሉን ያያል።

ተቃዋሚ፦ እህቴ፣ ፍርድ ቤቱስ ይሁን። እኔን የሚያሳስበኝ በዌልስ ፖርት ታልቦት በምትባል የብረት ፋብሪካ ከተማ ያለው ጋራዥ ነው። በታኅሣሥ 2018 ባንክሲ የአንድ ፋብሪካ ሠራተኛ የመኪና ማቆሚያ ጋራዥ ግድግዳ ላይ ሣለ። በአንድ ወገን ሕፃን ልጅ ምላሱን አውጥቶ የሚወርደውን በረዶ ይቀምሳል። ጥጉን ዞር ስትዪ በረዶ የመሰለሽ ነገር ከሚነድ ቆሻሻ የሚበን አመድ ሆኖ ታገኚዋለሽ። ግሩም ነው፣ አልክድም። ግን ባለቤቱን ማን ጠየቀው? ሕዝቡ ጎረፈ፣ አጥር ታጠረ፣ ጠባቂ ቆመ። ሰውየው በመጨረሻ ለነጋዴ ሸጠው። በ2022 ሥዕሉ ተጭኖ ከከተማዋ ወጣ። ባለ ጋራዡ ገንዘቡን አገኘ፤ የተሣለላት ከተማ ግን ባዶ እጇን ቀረች።

ደጋፊ፦ ይህማ የነጋዴው ጥፋት ነው! ባንክሲ ገበያውን እንዴት እንዳላገጠበት በ2018 አይተናል። ፊኛዋ ያመለጠቻት ልጅ ሥዕል ለንደን ላይ ከ1 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ተሸጠ። የጨረታው መዶሻ እንዳረፈ ፍሬሙ ውስጥ የተደበቀ መቁረጫ ሥዕሉን ይተለትለው ጀመር። ግማሹ ክር ክር ሆኖ ተንጠለጠለ።

ተቃዋሚ፦ ያው የተተለተለው ሥዕል በ2021 ስንት አወጣ? 18.5 ሚሊዮን ፓውንድ! በላገጠበት ቁጥር ዋጋው ይወጣል። ደግሞ የቅጂ መብትን ሲያጣጥል የኖረ ሰው፣ የአበባ ወርዋሪውን ሥዕል በአውሮፓ ኅብረት የንግድ ምልክት አድርጎ ማስመዝገቡስ? አንድ የሰላምታ ካርድ ድርጅት ተከራክሮ በ2020 አሰረዘበት። ምዝገባው በቅን ልቦና የተደረገ አይደለም ተባለ። መደበቅም ባለመብት መሆንም አንድ ላይ አይሆንም።

ደጋፊ፦ በኮቪድ ጊዜ ለሳውዝሃምፕተን ሆስፒታል የሰጠውን ለምን ዘለልከው? አንድ ልጅ የፊልም ጀግናውን የባትማንን አሻንጉሊት ቅርጫት ውስጥ ጥሎ በነርስ አሻንጉሊት ሲጫወት የሚያሳየውን። ወደ 16.8 ሚሊዮን ፓውንድ ተሸጦ ገንዘቡ ለጤና በጎ አድራጎት ዋለ። ስም መደበቅም ነውር አይደለም። የአብያተ ክርስቲያኖቻችንን ግድግዳ የሣሉት የስንቶቹ ስም ይታወቃል?

ተቃዋሚ፦ እነሱማ ተጠርተው ነው የገቡት፤ በሌሊት አጥር ዘለው አይደለም። ለሆስፒታሉም ሥዕሉ በፍሬም ሆኖ ነው የመጣው። እንዲህ ከሆነ ጠብ የለኝም። የመንግሥትን ግድግዳ ሳይጠይቅ ቢሥልም ልታገሠው እችላለሁ፤ ባለሥልጣን መተቸት አለበት። የተራ ሰው ቤት ላይ ሲሆን ግን ይጠይቅ።

ደጋፊ፦ በር ካንኳኳ በነጋታው ጋዜጣ ላይ ነው! ማንነቱ አለቀለት ማለት ነው።

ተቃዋሚ፦ ሥራዎቹ የእሱ መሆናቸውን የሚያረጋግጥለት ፔስት ኮንትሮል የሚባል ቢሮ አለው አይደል? ገዢ ሲመጣ ወረቀት የሚሰጥ ቢሮ፣ ለባለ ጋራዡ አንድ ሰው መላክ ያቅተዋል?