መሪ ስለሰፋ ብቻ አይመችም

ወንድሜ፣ ከሜክሲኮ ፒያሳ በኮርሳ፣ ማለትም መሪው ወደ ታች በሚታጠፈው የእሽቅድምድም ብስክሌት፣ ለሚመላለሰው ልጅ «እጅህን ከደነዘዘህ 46 ሴንቲ ሜትር መሪ ግዛ፣ በሰፋ ቁጥር ይመቻል» ብለህ መክረኸዋል። ብዙ ሰው የሚለው ነው፣ ግን ልክ አይደለም።

መነሻው ትከሻ ነው። ትከሻህ ጫፍና ጫፍ ላይ በጣት ስትዳብስ የሚገኙትን ሁለት አጥንቶች ርቀት አስለካ። 40 ከመጣ 40 አካባቢ ካለ መሪ ጀምር። ከዚያ በጣም ከሰፋ ክንድህ ወደ ውጭ ይከፈትና ጫናው አንገትና ትከሻ ላይ ይወርዳል። ሰፊ መሪ ኮብልስቶን ላይ ለመቆጣጠር እንደሚያግዝ አልክድም። ስትገዛ ግን አለካኩን ጠይቅ፤ አንዳንዱ ፋብሪካ በግራና በቀኝ ካለው ቱቦ መሃል እስከ መሃል፣ ሌላው ከውጭኛው ጫፍ እስከ ጫፍ ስለሚለካ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይለያያል።

ሁሌ የሚረሳው ደግሞ መሪው ወደ ፊትና ወደ ታች የሚሄድበት ርቀት ነው፤ እኔ እንደማየው ምቾቱን ይበልጥ የሚወስነው እሱ ነው። ብዙዎቹ የድሮ መሪዎች ወደ ታች 140 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ስለሚወርዱ፣ ቸርችልን ቁልቁል ስትሄድ ታችኛውን ለመያዝ ወገብህ እጥፍ ይላል። አጫጭሮቹ ከ120 እስከ 130 ነው የሚወርዱት፣ ወደ ፊትም ከ70 እስከ 80 ብቻ። ታች ይዘህም ጣትህ ፍሬኑ ጋ በቀላሉ ይደርሳል።

ልጁ ብር ከማውጣቱ በፊት ግን ኮርቻውን ይይ። የኮርቻው የፊት ጫፍ ወደ ታች ካዘነበለ ሰውነቱ ወደ ፊት እየተንሸራተተ ክብደቱ መዳፉ ላይ ይወድቃል፣ ያኔ የትኛውንም መሪ ቢገዛ እጁ መደንዘዙ አይቀርም።