ማስተካከያ፦ «ሌዝቢያን» የሚለው ቃል ከየት መጣ?

ስለዚህ ቃል አመጣጥ ቀደም ሲል በወጣው ጽሑፍ፣ ጥንታዊቷ ገጣሚ ሳፎ ሴት በማፍቀሯ ራሷን «ሌዝቢያን» ብላ ትጠራ እንደነበር ተገልጿል። ይህ ልክ አይደለም።

ሳፎ የኖረችው የዛሬ 2600 ዓመት ገደማ ነው። አገሯ ሌዝቦስ ትባላለች፤ በኤጂያን ባሕር፣ ከቱርክ ጠረፍ አጠገብ ያለች የግሪክ ደሴት ናት። በሳፎ ዘመን ቃሉ የሌዝቦስን ሰው መጠሪያ ነበር፤ እኛ ጎንደሬ እንደምንለው። ወንዱም ሴቷም ይጠሩበታል። ሴት አፍቃሪ ሴቶች መጠሪያ ሆኖ የተለመደው ግን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ ነው።

ታዲያ ከሳፎ ጋር አይገናኝም ማለት አይደለም። በደንብ ይገናኛል! ቃሉ ይህን ትርጉም ያገኘው በእሷ ግጥሞች ምክንያት ነው። አብዛኞቹ ጠፍተዋል፤ ሙሉ ሆኖ የደረሰን ለግሪኮች የፍቅር አምላክ ለአፍሮዲት ያቀረበችው ልመና ነው። ከቁርጥራጮቹ በአንዱ ግን የምትወዳትን ሴት ስታይ ምላሷ ይተሳሰራል፣ ከቆዳዋ ሥር እሳት ይሮጣል፣ ጆሮዋ ይጮኻል። እንዲህ አድርጎ ፍቅርን የገለጸ ሰው ጥቂት ነው።

የግሪክ ፍርድ ቤት ቃሉን አግዷል የተባለውም ስህተት ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. ሦስት የደሴቲቱ ሰዎች፣ አንድ የግሪክ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች ማኅበር «ሌዝቢያን» የሚለውን ቃል በስሙ ውስጥ እንዳይጠቀም ከሰው ነበር። የአቴንስ ፍርድ ቤት ግን ክሱን ውድቅ አደረገው።