ሰው ያለው ሰው

በወር በ21 ማርያምን ከመሳለሜ በፊት አንዲት ሥራ አለችኝ። በሩ አጠገብ ጃንጥላ ዘርግታ ከምትቀመጠው ሴትዮ ዝርዝር እወስዳለሁ። መቶ ብር ሰጥቼ ዘጠና ብር በሳንቲም፤ አሥሯ የእሷ ናት። ከዚያ በአጥሩ ሥር ለተደረደሩት ነዳያን አንድ አንድ ብር እያደረስኩ አልፋለሁ። «እመብርሃን ትከተልህ» እባላለሁ። ቀለል ብሎኝ እገባለሁ።

አንድ ቀን ግን ከእናቶቹ አንዷ እጃቸውን ሲዘረጉ መዳፋቸው ላይ የታጠፈ ወረቀት ነበር። «ልጄ፣ ይቺን አንብብልኝ» አሉኝ። ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል የተጻፈ ሪፈር ነው። ቀጠሮው ካለፈ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ያን ሁሉ ቀን ወረቀቱ መቀነታቸው ውስጥ ተቋጥሮ ከርሟል። በዚያ አጥር ሥር በየቀኑ ስንት ፊደል የቆጠረ ሰው ያልፋል መሰላችሁ! ሳንቲሙን ጣል አድርጎ ይሄዳል። እኔም አንዱ ነበርኩ።

እኛ ክርስቲያኖች ስለ መስጠት ስንሰማ ነው ያደግነው። አሥራት አለ፣ ስእለት አለ፣ ዝክር አለ፣ ጠበል ጸዲቅ አለ። መልካም ነው፤ ስንቱ ምስኪን በዚህ ነው ውሎ የሚያድረው። ግን ሁሉም በብርና በእንጀራ የሚለካ ነው። ማንበብ መቻልስ? ቢሮ ገብቶ «አረፍ በል» መባልስ? በእኛ አገር ደግሞ ከሁሉም የሚበልጥ አንድ ሀብት አለ። «ሰው አለህ?» ሲባል «አዎ» ማለት መቻል። ከዚህኛው አሥራት የሚያወጣ አላየሁም።

በዘመድ ወረፋ ይዘለል ማለቴ አይደለም። አንዷን እናት ካስቀደምኩ ሌላዋን እናት ወደ ኋላ ገፋሁ ማለት ነው። ይህን የምናደርግ ደጎች ደግሞ ሞልተናል።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 16 ያለውን ባለጠጋ አስቡት። አባቶች ነዌ ይሉታል። ጌታ ስለሱ ሲናገር ሰረቀ አላለም፣ ቀማም አላለም። ቀይ ሐር ይለብሳል፣ በየቀኑ ይደሰታል፣ በቃ። አልዓዛር ደግሞ በደጁ ተኝቷል። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ከሞቱ በኋላ ያለው ነው። ነዌ በሥቃይ ውስጥ ሆኖ አብርሃምን ሲለምን «አልዓዛርን ላክልኝ» ይላል። ስሙን ያውቀው ነበር! ለካ ያን ሁሉ ዘመን በደጁ የተኛው ማን እንደሆነ ጠፍቶት አልነበረም። እዚያም ሆኖ ሊልከው ነው የሚያምረው።

የእኛም ቤት አልዓዛር አላት። ለዝክሩ ሌሊቱን ሙሉ ስትጋግር ያደረችው ሠራተኛ ናት። ከገጠር በልጅነቷ መጥታ ስድስተኛ ክፍል ላይ አቋርጣለች። የማታ ትምህርት ቤቱ ከቤታችን አሥር ደቂቃ አይርቅም። «እሷ ከሄደች እራት ማን ይሠራል?» እንላለን፤ ከዚያ ለነዳያን እንጀራ እናካፍላለን። ደመወዟን አዘግይቶ ጻድቅ የሚመስል ሰውም አውቃለሁ። ያዕቆብ በመልእክቱ የተከለከለ ደመወዝ ይጮኻል ይላል፤ ያውም እግዚአብሔር ጆሮ ድረስ።

ያላቸውን ሙያ ጭምር ስለሰጡ ሰዎች ሳስብ አውስትራሊያዊቷ የማኅፀን ሐኪም ዶክተር ካትሪን ሐምሊን ይመጡብኛል። ከባለቤታቸው ከዶክተር ሬጂናልድ ጋር እ.ኤ.አ. በ1959 አዲስ አበባ ሲገቡ ኮንትራቱ የሦስት ዓመት ነበር። በ1974 የፊስቱላ ሆስፒታሉን ከፈቱ፤ ፊስቱላ በተራዘመ ምጥ የሚመጣ፣ ሽንት መቆጣጠር የሚያሳጣ ጉዳት ነው። ሕክምናው በነጻ ነው። በ2020 እዚሁ ሲያርፉ 96 ዓመታቸው ነበር። እምነታቸውን አይደብቁም ነበር፤ ሥራውን ከእግዚአብሔር የተቀበልነው ነው ይሉ ነበር።

ግን ለእኔ ትልቁ ነገር ዕድሜው አይደለም። ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ ናቸው። ወደ ሐምሊኖቹ ታካሚ ሆነው መጡ፤ ማንበብና መጻፍ አይችሉም ነበር። እነሱው ዘንድ ቀርተው ሌሎች ታካሚዎችን መርዳት ጀመሩ። ከዚያ ሐኪሞቹ ቀስ በቀስ ቢላዋውን ራሱን አስያዟቸው። የሕክምና ትምህርት ቤት ሳይረግጡ የፊስቱላ ቀዶ ሕክምና ባለሙያ ሆኑ፤ ዶክተሮችንም አሠለጠኑ። አንድ ሐኪም በነጻ ማከሙ ቸርነት ነው። እሱን እሱ ያሰኘውን ሙያ ለታካሚው ማካፈል ግን ሌላ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሰጪና ተቀባይ እኩል ይቆማሉ። ብዙዎቻችን ሳንቲሙ ላይ የምንቆመው ይህን ፈርተን ይመስለኛል።

ወደዚያች እናት ልመለስ። ሰኞ ጠዋት አብረን ሆስፒታል ሄድን። አንድ ሰዓት ላይ ተሰለፍን፣ ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል ደረሰን። የካርድ ክፍሉ ልጅ ወረቀቱን አይቶ «አልፏል እኮ! እስካሁን የት ነበሩ?» ብሎ ጮኸባቸው። እኔ ጠጋ ብዬ «ይቅርታ፣ አንዴ ላስረዳህ» ስል ድምፁ ወዲያው ተለወጠ። «እሺ ጋሼ፣ ችግር የለም» አለኝ። በሽተኛዋ እሳቸው፣ የሚያናግረው እኔን። በሁለት ሳምንት አዲስ ቀጠሮ ጻፈ። ከማንም አላስቀደመንም፤ በትሕትና ብቻ ነው ያናገረኝ።

ስንወጣ ቀኑን ሦስት ጊዜ አስነበቡኝና ወረቀቱን መቀነታቸው ውስጥ ቋጠሩት። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ «ያ ልጅ ዘመድህ ነው እንዴ?» አሉኝ።

አይቼውም አላውቅ።