ባለሙያው በተቀየረ ቁጥር ሕመምተኛው ለምን ከዜሮ ይጀምራል?

ዛሬ የሰፈራችንን ጤና ጣቢያ ጉዳይ ላወራ ነው። ስሙን አልጠራም። ከጎረቤትም ከሥራ ባልደረቦቼም እንደምሰማው ችግሩ የአንድ ግቢ ብቻ አይደለም። ጽሑፉ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ከጥቂት ወራት ወዲህ ግቢው ውስጥ የምናውቀው ሰው እየጠፋ ነው። የግፊትና የስኳር ክትትል ይሠራ የነበረው ጤና መኮንን ሄዷል። ካርድ ክፍል የነበረችው፣ የሰፈሩን እናቶች በስማቸው የምትጠራው ልጅ ሄዳለች። ፋርማሲው ውስጥ "ይሄ ጠዋት፣ ይሄ ማታ" እያለ ክኒኑን አንድ በአንድ የሚያሳየው ልጅም የለም። የት ሄዱ ብለህ ስትጠይቅ "ተዛወረ"፣ "ለቀቀች"፣ "ትምህርት ገባ" ይሉሃል። በቃ፣ ነገሩ እዚያው ላይ ያልቃል።

ሰው ሥራ ይቀይራል። በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። እኔን የሚያቃጥለኝ ሌላ ነው። ያ ባለሙያ ስለ እናቴ፣ ስለ ጎረቤታችን፣ ስለዚያ ሁሉ አዛውንት የሚያውቀውን ነገር ለማን አስረክቦ ሄደ? በመንግሥት መሥሪያ ቤት ወንበርና ኮምፒውተር በፊርማ ነው የሚረከበው። አንዲት እቃ ብትጎድል ንብረት ክፍል ክሊራንስ አይፈርምም። የስንት ሰው የዓመታት ክትትል ግን ያለ ምንም ርክክብ ሜዳ ላይ ይቀራል።

እማዬ የደረሰባትን ልንገራችሁ፤ ነገሩ የሚገባው በምሳሌ ነውና።

እማዬ የደም ግፊት አለባት። ከዓመታት በፊት ሲጀመርላት የተሰጣት መድኃኒት ኢናላፕሪል ነበር። ግፊቷ ወረደ፤ ግን ደረቅ ሳል ያዛት። ሌሊት ሌሊት ቁጭ ብላ ታድራለች። ያ የሄደው ጤና መኮንን ረጋ ብሎ ጠየቃት። ሳሉ መቼ ጀመረ? አክታ አለው? ትኩሳትስ? ከዚያ መድኃኒቱ መሆኑን ለየና ወደ አምሎዲፒን ቀየረላት። ሳምንታት ቆይቶ ሳሉ ጠፋ። ይሄንን ሁሉ በእጁ ካርዷ ላይ ጽፎታል፤ ሲጽፍ አይቻለሁ።

በነገራችን ላይ ኢናላፕሪል መጥፎ መድኃኒት አይደለም። ለብዙ ሰው በጣም ጥሩ ነው። ከሚወስዱት የተወሰኑ ሰዎች ላይ ግን ደረቅ ሳል ያመጣል፤ ይሄ በሕክምናው ዓለም የታወቀ ነገር ነው። ይሄን አንብባችሁ በራሳችሁ እንዳታቋርጡ። የምታስሉ ከሆነ ለሐኪማችሁ ንገሩ።

ጤና መኮንኑ ሄደ። በዚያው ሰሞን ካርዱ ሁሉ ወደ ኮምፒውተር ይግባ ተባለ። እማዬ አዲስ የካርድ ቁጥር ተሰጣት። አሮጌው ካርድ መጋዘን ገባ፤ ውስጡ ያለው ታሪክ ግን ወደ ኮምፒውተሩ አልገባም። የገባው ስሟ፣ ዕድሜዋና ስልኳ ብቻ ነው። አዲሱ ባለሙያ ወጣት ነው፣ ትሁት ነው፣ በሩ ላይ ደግሞ ሰው ተኮልኩሏል። "እማማ፣ ምን ነበር የሚወስዱት?" አላት። "ትንሿን ነጭ ክኒን" አለችው። ምን ትበል? የመድኃኒቷን ስም እንድትይዝ ማንም አልነገራትም። ያን ቀን ፋርማሲው ውስጥ የነበረው ኢናላፕሪል ነው፤ እሱን ጻፈላት።

ሳሉ ተመለሰ።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ያገኘቻት ሌላ ባለሙያ ናት። የሳል ሽሮፕና አንቲባዮቲክ ሰጠቻት። አልቆመም። ከዚያ ደግሞ ሌላ ሰው አየና ሳሉ ሁለት ሳምንት ስላለፈው የአክታ ምርመራ አዘዘላት። እሱ ልክ ነው፣ መመሪያውም እንደዚያ ነው የሚለው። ግን አንዲት አሮጊት ቲቢ ምርመራ ስትባል ምን እንደሚሰማት አስቡት። ቤት ገብታ የራሷን ብርጭቆ ለየች። የልጅ ልጆቿን አላቅፍም አለች። ውጤቱ ነፃ ነው ተብሎ እንኳ ለቀናት አላመነችም። በመጨረሻ የመድኃኒቱን ባዶ ማሸጊያዎች፣ የድሮውንም የአሁኑንም፣ ሰብስቤ አንድ ፋርማሲስት ዘንድ ሄድኩ። ገና አይቶት "ሳል አላት?" አለኝ።

ይሄ ሁሉ እንግልት፣ ይሄ ሁሉ አንቲባዮቲክ፣ ይሄ ሁሉ ድንጋጤ አሮጌው ካርድ ላይ ባለ አንድ መስመር ጽሑፍ ይቀር ነበር። መስመሩ ተጽፏል። መጋዘን ውስጥ ነው።

አሁን ማንን ልውቀስ? አዲሱን ልጅ አልወቅስም። በከተማ አንድ ጤና ጣቢያ ለ40,000 ሰው ያህል ታስቦ ነው የሚቋቋመው። እሱ ጠዋት ሲገባ የሚጠብቀው ወረፋ ነው፤ የሕመምተኛውን ታሪክ የሚያይበት ነገር የለውም፤ ኔትወርኩም በየመሃሉ ይቋረጣል። የሄደውንም አልወቅስም። ጤና ባለሙያዎች በ2017 ግንቦት ላይ ሥራ እስከ ማቆም የደረሱት ደመወዛቸው ኑሮውን አልችል ብሎ ነው። ሌሊት ተረኛ ሆነው የሠሩበት ክፍያ ሲዘገይ፣ የቤት ኪራይ በየጊዜው ሲጨምር፣ ሰው የተሻለ ወዳለበት ይሄዳል። ወደ ግል ሆስፒታል የሄደ አለ፣ ወደ ውጭ የወጣ አለ፣ ሙያውን ትቶ ሌላ ሥራ የጀመረም አለ። ያንን ለፍቶ የተማረ ሰው እንዲህ ማድረጋችን ራሱን የቻለ ብሶት ነው።

እርዳታ ሲቆምም የሄዱ አሉ። በ2017 ጥር የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ሲያቆም፣ በዚያ ገንዘብ ተቀጥረው ይሠሩ የነበሩ 5,000 ገደማ የጤና ሠራተኞች ውል እንዲቋረጥ ጤና ሚኒስቴር አስታውቋል። ብዙዎቹ በኤችአይቪ አገልግሎት ላይ የነበሩ ናቸው። ቁጥሩን በዜና ስንሰማው ያልፋል። ጤና ጣቢያው ውስጥ ስትገባ ግን በሩ የተዘጋ ክፍል ሆኖ ታየዋለህ።

ይሄን ያነሳሁት በምክንያት ነው። "አቅም የለንም" የሚለውን መልስ አልቀበልም፤ እዚያው ግቢ ውስጥ የሚሠራ ነገር አይተናልና። የቲቢና የኤችአይቪ ክፍሎችን ተመልከቱ። አንድ የቲቢ ታካሚ ከቀጠሮው ቢቀር ይደወልለታል፤ ካልተገኘም የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ቤቱ ድረስ ትሄዳለች። የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ወደ ሌላ ከተማ ቢሄድ ምን እንደሚወስድና መቼ እንደጀመረ የተጻፈበት የዝውውር ወረቀት ይዞ ይሄዳል። ሕፃን እንኳ የክትባት ካርድ አለው፤ ነርሷ ብትቀየርም የትኛውን ክትባት እንደወሰደ ይታወቃል። ታዲያ የግፊትና የስኳር ታካሚ ምን አጠፋ? የዕድሜ ልክ መድኃኒት የሚወስድ ሰው እኮ ነው። ግፊት ደግሞ ሳያሳምም ነው የሚጎዳው። ሰውዬው ደህና ነኝ ብሎ ሲሄድ አንድ ቀን ግማሽ አካሉ አልታዘዝ ይላል፣ ወይ ኩላሊቱ ደክሞ ይገኛል። ያኔ ቤተሰቡ በሙሉ ነው የሚወድቀው።

ሌላው የሚያናድደኝ የአገልግሎቱ ለውጥ የሚነገርበት መንገድ ነው፤ ይነገራል ከተባለ። የግፊትና የስኳር ቀን ከማክሰኞ ወደ ሐሙስ ተቀየረ። ማስታወቂያው ከካርድ ክፍሉ ግድግዳ ላይ፣ ከሌሎች አሮጌ ወረቀቶች ሥር ተለጥፏል። ለማየት መጀመሪያ ግቢ ገብተህ ወረፋ መያዝ አለብህ። በዕድሜ የገፉ ሰዎች፣ ለስኳር ምርመራ ብለው ቁርስ ሳይበሉ፣ በሁለት ታክሲ መጥተው "የናንተ ቀን ሐሙስ ነው" ተብለው ሲመለሱ በዓይኔ አይቻለሁ። አንዱ አባት ከዘራቸውን ተደግፈው ቆመው "ለማን ተናገራችሁ?" አሉ። መልስ የሰጣቸው የለም። የስልክ ቁጥራችን እኮ ኮምፒውተሩ ላይ አለ! ከገቡት ሦስት ነገሮች አንዱ እሱ ነው። አንድ አጭር መልእክት መላክ ምን ይከብዳል?

ላብራቶሪውም ከሰዓት በኋላ ናሙና መቀበል አቁሟል። የጤና መድህን ማህተም የሚመታበት መስኮት ወደ ኋላ ያለው ሕንፃ ሄዷል። ስልጠና ሲኖር ደግሞ ክፍሉ ይቆለፋል፤ መቼ እንደሚከፈት የሚናገር ወረቀት እንኳ በሩ ላይ አይለጠፍም።

"ለምን ሌላ ቦታ አትሄዱም?" የሚል ሰው አይጠፋም። እሺ፣ እናስረዳ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን በ2003 ዓ.ም በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር ሐሳቡ ግሩም ነበር፤ አሁንም ግሩም ነው። በዓመት አንዴ ትከፍላለህ፣ ቤተሰብህ ይታከማል። እኛም ደስ ብሎን ነው የምናድሰው። ግን አሠራሩ መጀመሪያ በጤና ጣቢያህ በኩል እለፍ ነው የሚለው። ያለ ሪፈር ወረቀት ሆስፒታል ብትሄድ ከኪስህ ትከፍላለህ። ስለዚህ ያ ጤና ጣቢያ ለእኛ አማራጭ አይደለም፣ በር ነው። በሩ ላይ የሚያውቅህ ሰው ከሌለ ወደ ውስጥ አትገባም።

ከኪስ መክፈሉ ደግሞ እየከበደ ነው። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። መድኃኒታችን በአብዛኛው ከውጭ ነው የሚመጣው። ጤና ጣቢያው "የለም፣ ከውጭ ግዙ" ሲል ከከተማው አስተዳደር ፋርማሲ፣ ከከነማ፣ ከተገኘ እሰየው፤ ካልተገኘ የግል ፋርማሲ ነው። በጡረታ የምትኖር እናት የምታደርገውን ታውቃላችሁ። ክኒኑን ለሁለት ትከፍላለች፣ ወይ አንድ ቀን እየዘለለች ትውጣለች። ለልጆቿም አትናገርም። እማዬም አድርጋዋለች።

እና ምን ይደረግ? ደመወዙን ጤና ጣቢያው ብቻውን እንደማይፈታው አውቃለሁ። እሱን የሚመለከታቸው ትልልቆቹ ይፍቱት፤ መፍታትም አለባቸው። ገንዘብ የማይጠይቀው ግን ብዙ ነው። የሚለቅ ባለሙያ ከመሄዱ በፊት ለሚተካው ሰው የክትትል ታካሚዎቹን ቢያስረክብ፣ ክሊራንሱም ላይ ይሄ አንድ ፊርማ ቢጨመር። እያንዳንዱ የግፊትና የስኳር ታካሚ እጁ ላይ የሚይዘው ትንሽ ደብተር ቢኖረው፤ የመድኃኒቱ ስም፣ መጠኑ፣ የተለካው ግፊት፣ መድኃኒት ከተቀየረም ለምን እንደተቀየረ ይጻፍበት። ለጤና ጣቢያው ደብተር ማሳተም ከከበደው እኛ ሱቅ ሄደን እንገዛለን፤ እነሱ ይጻፉበት ብቻ። አሮጌዎቹ ካርዶች ከመጋዘን ይውጡና ቢያንስ የዕድሜ ልክ መድኃኒት የሚወስዱት ሰዎች ታሪክ ወደ ኮምፒውተሩ ይግባ። የቀን ለውጥ ሲኖር ውጭ በሩ ላይ፣ በትልቁ፣ ቀደም ብሎ ይለጠፍ፤ በስልክም ይላክ።

እስከዚያው በቤታችሁ ይህን አድርጉ። የእናት የአባታችሁን መድኃኒት ማሸጊያ አትጣሉ። በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ስሙንና ሚሊግራሙን በአማርኛ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ቦርሳቸው ውስጥ አስቀምጡ። አንድ መድኃኒት ካልተስማማቸው "ይሄ አልተስማማትም፣ ሳል አምጥቶባታል" ብላችሁ ጻፉበት። ቤት የቀረችው ልጅ ወይ ጎረቤት እንድታውቀውም አድርጉ፤ ሁልጊዜ አብራችሁ አትሄዱም።

እኛ የሰፈሩ ሰዎች ይሄን ሁሉ በደብዳቤ ጽፈነዋል። ለጤና ጣቢያው ቦርድና ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ነው የሚገባው። እድር ላይ ተነቦ ብዙዎች ፈርመዋል። ማክሰኞ ቀን ያለ ቁርስ የተመለሱት አባትም ፈርመዋል። ያልፈረማችሁ እስከ ቅዳሜ ድረስ የእድሩ ጸሐፊ ጋ ታገኙታላችሁ። ሰኞ ጠዋት ይዘነው እንሄዳለን፤ መዝገብ ቤት ቁጥር ካልሰጠን ከዚያ አንነቃነቅም።