ሸርሊ ማልዳውኒ በ1984ቱ አደጋ አላቆመችም

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ አሜሪካዊቷ የድራግ ሬሲንግ (ቀጥ ባለ አጭር መም ላይ የሚደረግ የመኪና ፍጥነት ውድድር) ፈር ቀዳጅ ስለ ሸርሊ ማልዳውኒ ሲወራ አንድ ነገር ሲደጋገም አየሁ፤ «ከ1984ቱ አደጋ በኋላ መሪ አልጨበጠችም» የሚል። ከየት እንደመጣ ይገባኛል፣ ግን ልክ አይደለም። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

አደጋው ቀላል አልነበረም። ካናዳ ውስጥ፣ ሞንትሪያል አካባቢ ባለው የሳናየር መም፣ በሰዓት 400 ኪሎ ሜትር ገደማ እየበረረች የፊት ጎማዋ ተበላሸና መኪናዋ ብትንትኑ ወጣ፤ እግሮቿ ክፉኛ ተሰባበሩ። ቀዶ ጥገናውና ማገገሙ ረጅም ጊዜ ወሰደ። በ1986 ግን ተመለሰች። ለወግ ያህል ብቻም አይደለም፦ በ1989 ፊኒክስ ላይ በስፖርቱ ፈጣን የመኪና ምድብ፣ በቶፕ ፊውል፣ አሸነፈች። ይሄ በኤን ኤች አር ኤ (ውድድሩን በሚመራው የአሜሪካ ማኅበር) ካገኘቻቸው 18 ድሎች የመጨረሻው ነው። ጡረታ የወጣችው በ2003 ነው!

ስህተቱ የሚፈጠረው ይመስለኛል ሰው የሻምፒዮና ዝርዝር ብቻ ስለሚያይ ነው። ሦስቱም ዋንጫዎቿ (1977፣ 1980 እና 1982) ከአደጋው በፊት ናቸው፤ ከዚያ ስሟ ስለሚጠፋ ያቆመች ይመስላል። ማጣራት የፈለገ የዓመቱን ሻምፒዮን ትቶ፣ የ1989ን የእያንዳንዱን ውድድር አሸናፊ በኤን ኤች አር ኤ መዝገብ ይፈልግ። በተሳሳተው ወሬ ከሄድን እንደገና መራመድ ከተማረች በኋላ የሠራችውን 17 ዓመት እየሰረዝንባት ነው።