ማስተካከያ፦ ስለ ኤፒኤል የአማካይ ስሌት

አራት ኪሎ ለሚገናኘው የኤፒኤል (በምልክቶች የሚጻፍ የፕሮግራሚንግ ቋንቋ) ጥናት ቡድናችን በተበተነው ወረቀት ላይ አማካይ «+/÷≢ 4 8 6» ተብሎ ተጽፏል። ትክክሉ «(+/÷≢) 4 8 6» ነው።

ቅንፏን እንዳትንቋት! ከሌለች ኤፒኤል ከቀኝ ተነስቶ መጀመሪያ በ«≢» ቁጥሮቹን ይቆጥራል፤ 3 ያገኛል። ቀጥሎ «÷» በግራው ቁጥር ስለሌለው 1ን ለ3 ያካፍላል። «+/» የሚደምረው ሌላ ቁጥር ስለሌለ 0.333 ገደማ ይዛችሁ ትቀራላችሁ። ቅንፏ ስትገባ ግን ሦስቱ («+/»፣ «÷» እና «≢») ተጣምረው አንድ ፈንክሽን (ስሌት የሚሠራ ትእዛዝ) ይሆናሉ፦ ድምር 18፣ ብዛት 3፣ መልስ 6። ለቁጥሮቹ ስም ማውጣት እንኳ አላስፈለገም። እኔ ይህን አጻጻፍ የምወደው ለዚህ ነው።

ሌላው፣ «-/ 10 3 2» መልሱ 5 ሳይሆን 9 ነው። «/» በግራው ያለውን ፈንክሽን በቁጥሮቹ መሃል ይሰካል፤ ስሌቱ ግን ከቀኝ፣ ከ3-2 ይጀምራል።

ፒያሳ ኮፒ ያስደረጋችሁም ሁለቱን መስመሮች በእስክሪብቶ አስተካክሏቸው።